ማንም የማይጠጣው ወተት

ወተቱን አፈላሁት፤ ባክቴሪያው ግን እንደሚጠበቀው አላደገም። የዚያ ሰሞን ጭንቀቴ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አስተማሪ ነኝና ነገርን ከመሐል ጀምሬ መተው አይሆንልኝም፤ ለምን እንዳስጨነቀኝ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ተወልጄ ያደግኩት ነገሌ ቦረና ነው። አባቴ ከጎጃም የመጣ ወታደር ነበር፤ መንግሥት ተለውጦ ጦሩ ሲበተን ወደ አገሩ አልተመለሰም። ከጦር ሠፈሩ አጠገብ ቤት ተከራይቶ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ፤ እኔም የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው። አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን የቦረና ሴት ናቸው፤ ልጆቻቸው ከከተማው ወጣ ብሎ በአሬሮ መንገድ ግመል ያረባሉ። እናቴ ገበያ ስትውል የምቆየው እሳቸው ቤት ስለነበር «እማማ» እያልኩ አደግኩ። እሳቸው ደግሞ እስከ ዛሬ «ኢንታላ ቲያ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምረን በኦሮምኛ ብንጨርሰው ሁለታችንም አይታወቀንም። ጡት ከተውኩ ወዲህ በልጅነቴ የጠጣሁት ወተት ሁሉ የወጣው ከእሳቸው ቤት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ባዮሎጂ ተምሬ ወደ ነገሌ ተመለስኩና ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር ጀመርኩ። ኢንዛይምን የማስረዳው በከብት ገበያው ደላላ ነበር። ሻጩ አለ፣ ገዢው አለ፤ ሁለቱ ብቻቸውን ቢተዉ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሲተያዩ ይውላሉ። ደላላው መጥቶ እጅ ለእጅ ያያይዛቸዋል፣ በጋቢ ሥር ጣት ይቆጥራሉ፣ ይስማማሉ፣ ይለያያሉ። ደላላው አልተሸጠም፣ አልተገዛም፤ እንደመጣ ሆኖ ወደሚቀጥለው ጥንድ ይሄዳል። ኢንዛይም ማለት ይህ ነው፤ በሰውነታችን ውስጥ ንጥረ ነገሮችን እያገናኘ ያለ እሱ ቀስ ብሎ የሚሆነውን ነገር ያፈጥናል፣ እሱ ራሱ ግን አያልቅም። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ኮሚሽኑስ?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

ትምህርት ቤታችን የነበረው ማይክሮስኮፕ ሌንስ አልነበረውም። ለተማሪዎቼ የማሳያቸው ሥዕል ነበር፤ የኢንዛይም ሥዕል፣ የባክቴሪያ ሥዕል። ስለዚህ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ተልኬ በመጀመሪያው ቀን ላብራቶሪ ስገባ፣ አንድ ጠብታ ስጨምር ቀለሙ ዓይኔ እያየ ሲለወጥ፣ ከዚያ ቤት መውጣት እንደማልፈልግ ያኔውኑ ገባኝ። አማካሪዬ ዝምተኛ፣ ቁጥር የሚወዱ ሰው ነበሩ። በሥራቸው ለሦስተኛ ዲግሪ አንድ ቦታ ነበራቸው። «ውጤትሽ ከጸና ቦታው ያንቺ ነው» አሉኝ። ካልጸና የትምህርት ፈቃዴ ያልቅና ወደ ሥዕሉ እመለሳለሁ ማለት ነው። ይህን አላሉኝም፤ እኔ ግን ሌላ አልሰማሁም።

ጥያቄዬ ከአገሬ የመጣ ነበር። የግመል ወተት በቆላው ሙቀት ቶሎ አይበላሽም ይባላል። ወተት ውስጥ ጀርሞችን የሚያዳክም ነገር እንዲፈጠር የሚያደርግ አንድ ኢንዛይም አለ። ወተቱን የሚጠብቀው እሱ ይሆን? ሙከራው ቀላል ነው። ወተቱን ለሁለት ትከፍላላችሁ። በአንደኛው ላይ፣ ጥሬው ላይ፣ የሕፃናትን ተቅማጥ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ትጨምሩና የነገሌ ቀትር በሚያህል ሙቀት ታቆዩታላችሁ። ሁለተኛውን አስቀድማችሁ በደንብ ታፈሉታላችሁ፤ ሲፈላ ኢንዛይሙ ይበላሻል። ሲቀዘቅዝ ያንኑ ባክቴሪያ ትጨምራላችሁ። ባክቴሪያው በጥሬው ውስጥ ተገትቶ በፈላው ውስጥ እንደልቡ ከተራባ፣ በመካከል ያለው ልዩነት የኢንዛይሙ ሥራ ነው። ደላላው ሲሞት ገበያው፣ ማለትም ባክቴሪያውን መግታቱ፣ መቆም አለበት።

ወተቱን የሚሰጡኝ እማማ ነበሩ። አፈ ሰፊ ጠርሙሶችን በእንፋሎት አምክኜ፣ በፎይል ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። ግቢያቸው ቁጭ ብዬ መመሪያዬን እንደ ክፍል ትምህርት አስረዳሁ። ጠርሙሱ አይታጠብ፣ ውስጡ ጣት አይግባ፣ ግመሏ አጠገብ ሳይደርሱ አይከፈት፣ በሌላ ዕቃ ሳይገለበጥ በቀጥታ እዚያው ይታለብ። አስደገምኳቸው። አንዱንም ሳይስቱ ደገሙልኝ።

ትልቁ ልጃቸው እየሰማ ነበር። «ግመል በጠርሙስ ማለብ ቀላል መሰለሽ?» አለኝ። «አንቺ ያዢና እኔ ልሳቅ።»

ወተቱን በበረዶ ሳጥን ይዤ በአውቶቡስ ወጣሁ። የሌላው ተሳፋሪ ጭንቀት መንገዱ ደጋ የሚወጣባት ቦሬ ላይ ይጀምራል፤ ጉሙና ብርዱ። የእኔ እዚያ ሲደርስ ይቀል ነበር፤ ብርዱ ለወተቱ ጥሩ ነውና መስኮቱን ከፍቼ ሰው ያማርረኝ ነበር። ለእማማ ከሰጠኋቸው ጠርሙሶች አንዱ ጎድሎ ነበር። እናቶች መንገድ ላይ ልጅ እንደሚቆጥሩ ደጋግሜ ቆጠርኳቸው፤ የሆነ ቦታ ተሰብሮ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ላብራቶሪው ውስጥ ከጎኔ የምትሠራ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ልጅ ነበረች። ጠርሙሱን ስከፍት አፍንጫዋን ያዝ አድርጋ «ወተትሽ ምድጃ ምድጃ ይላል» አለችኝ።

«ወተት እንዲህ ነው የሚሸተው» አልኳት። «አንቺ የለመድሽው የላስቲክ ወተት ነው። እሱ ውኃ ነው።»

«እሺ የነገሌ ልጅ፤ ሥጋም ጣል አድርጊበትና እንብላው።»

ሳቅን። ጥሬው ወተት ውስጥ የጨመርኩት ባክቴሪያ ጨርሶ ተገታ፤ ሳህኖቹ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ ከጠበቅነው እጅግ ያነሰ ነበር። አማካሪዬ ሳህኖቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ሲያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። የፈላው ግን ቀርቶ ነበር። በፈላውም ውስጥ ባክቴሪያው አልተራባም። እንደ ጥሬው ባይገታም እግሩ የታሰረ ይመስል ነበር።

«ይህ ኢንዛይም ሙቀት የሚችል ነው» አሉ አማካሪዬ። «በደንብ አላፈላሽውም።»

ትክክል ነበሩ፤ ኢንዛይሙ በእርግጥ ጠንካራ ነው። ረዘም አድርጌ አፈላሁት። ያው ነው። ኢንዛይሙ አለመኖሩን በቀለም መለወጫው አረጋገጥኩ፤ ቀለሙ አልተለወጠም፣ ኢንዛይሙ ሞቷል። ባክቴሪያው የታመመ እንደሆነ ብዬ በተራ የላብራቶሪ ምግብ ውስጥ አሳደግኩት፤ እንደ ጎርፍ ተራባ። ስለዚህ ባክቴሪያው ደኅና ነው፣ ደላላው ሞቷል፣ ገበያው ግን ቀጥሏል።

ከዚያ ወዲያ ምግብ አልወርድልኝ አለ። ሰው ሲያናግረኝ እያዳመጥኩ የማስበው የፈላውን ጠርሙስ ነበር። ደግሞ አማካሪዬ የጥናቱን አጭር መግለጫ ማዘጋጀት ጀምረው ነበር፤ የጤና ባለሙያዎችም በሚገኙበት ስብሰባ ላይ ሊቀርብ። ጥሬ የግመል ወተት ራሱን ከጀርም አጥብቆ ይከላከላል የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት። ይህን ያነበበ የጤና ሠራተኛ ነገሌ ወርዶ ለአንዲት እናት ቢነግራት፣ ለሕፃኗ ወተት ለማፍላት ለምን እንጨት ትፈጃለች? ዝም ብል ቦታው የኔ ነው። ብናገር ምን ብዬ ነው የምናገረው? «ልክ አይመስለኝም» ማለት ውጤት አይደለም።

ለሦስተኛ ጊዜ አፍልቼ ሳቀዘቅዝ ያቺ ልጅ በአጠገቤ አለፈች። «ብታፈይውም ጢሱ አልሄደም» አለች፤ ዞር እንኳን አላለችም።

የምን ጢስ? ሲፈላ የማይሄድ ነገር ኢንዛይም አይደለም። ጠርሙሱን አፍንጫዬ ሥር አድርጌ አሸተትኩ። ወተት ወተት ይላል። ወጥቼ ከሱቅ የላስቲክ ወተት ገዝቼ መጣሁና ከጎኑ አሸተትኩ። ምንም። ደግሜ የነገሌውን። ወተት። እንደገና የላስቲኩን። ምንም።

እንግዲህ ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን መልሱልኝ። ቦረና ቤት ወተት የሚገባበት ዕቃ ሁሉ ይታጠናል። ወይራ ወይም ሌላ የሚወደድ እንጨት ጫፉ ይያያዝና ዕቃው ውስጥ ይገባል፤ ጢሱ ውስጡን ይዞ ይቆያል። ወተቱ ቶሎ እንዳይኮመጥጥም፣ ጣዕም እንዲኖረውም ነው። ጢስ ጀርምን እንደሚያዳክም እኔም ለተማሪዎቼ አስተምር ነበር፤ ስለ ቋንጣ ስናወራ። ግን እኔ በሕይወቴ ጢስ የሌለው የነገሌ ወተት ቀምሼ አላውቅም። ለእኔ አፍንጫ ጢስና ወተት ሁለት ነገሮች አልነበሩም። ከሌላ አገር የመጣ ማንም ተማሪ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ሲከፍት የሚያውቀውን ነገር የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። ጠርሙሶቹን ያመከንኳቸው እኔ ነኝ፤ መመሪያው ተከብሯል። ለአማካሪዬ ቤተሰብ ጋ ጉዳይ አለብኝ ብዬ አዳዲስ ጠርሙሶች ይዤ ወደ ነገሌ ወረድኩ።

እማማ በር ላይ ነበሩ። «አካም፣ ናጋ? ምነው ከሳሽ?» አሉኝ።

«ናጋ፣ ደኅና ነኝ እማማ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ጠርሙሶቹን ምን ያደርጓቸው ነበር?»

«እንዳልሽኝ ነዋ። አላጠብኩም። ጣቴን አላስገባሁም። ግመሏ አጠገብ እስክንደርስ አልከፈትኩም።»

«ከከፈቱ በኋላስ?»

«አጠንኩትና ታለበበት።»

ድምፃቸው እጄን ታጠብኩ እንደሚል ሰው ነበር። ከዚያ ትንሽ እንዳፈሩ ሆነው «አንዱን ሰንጥቄብሻለሁ» አሉ። «ጠርሙስ እሳት አይወድም። ፍሙን አርቄ ጢሱን ብቻ ማስገባት የቻልኩት ከዚያ በኋላ ነው። የጎደለው እሱ ነው፤ ትቆጪኛለሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

«ማጠንዎን ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን ልንገርሽ? አትጠኚ መቼ አልሽኝ?»

አላልኩም። ማንም ሰው ሊያደርገው የሚችለውን ስሕተት ሁሉ ከልክዬ፣ እሳቸው በጤናቸው የሚያደርጉትን አንዱን ነገር አላሰብኩትም። እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሜ የሦስተኛ ዲግሪው ቦታ ከእጄ ሲወጣ ታየኝ። የበሩ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። እማማ ወተት ሊያመጡልኝ ተነሡ፤ አልጠጣም አልኳቸው፤ ያን ቀን ብቻ ነው እምቢ ያልኳቸው።

ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። አዲስ ወተት እፈልጋለሁ፤ ባልታጠነ ጠርሙስ።

«ባልታጠነ?» አሉ። «ለአንቺ?»

«ለሥራው ነው እማማ።»

«አይሆንም። ያልታጠነ ዕቃ ሰጥታ ሰደደቻት ይሉኛል። እዚያ ያሉት ትላልቅ ሰዎች ምን ይላሉ? እስከ ዛሬ የላክሁትስ፣ ጣፈጣቸው?»

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን እንደሚጠይቁኝ አስቤ አላውቅም ነበር። «አልጠጡትም» አልኩ።

«አስተማሪሽስ?»

«እሳቸውም።»

«ማን ጠጣው ታዲያ?»

«ማንም። ባክቴሪያ ጨምረንበት ነው የምናየው። የሕፃናትን ተቅማጥ የሚያመጣውን…»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉና እጃቸውን አነሡ። «ተቅማጥ ነው የጨመራችሁበት? የእኔ ግመል ወተት ላይ?»

ኢንዛይሙን ላስረዳቸው ሞከርኩ። ደላላውን አመጣሁ። ደላላው ሲሞት ገበያው ይቆማል ስል አቋረጡኝ። «ገበያው የት ነው ደላላ ሞቶ የቆመው? ተይ እንጂ።» ፊታቸውን አዙረው የአጥሩን በር አዩ። «ማንም የማይጠጣውን ወተት ነው እንግዲህ ከጥጃው አፍ እየነጠቅን ስንልክልሽ የኖርነው።»

ያዳነኝ ግቢው ውስጥ ሆኖ ሲሰማ የቆየው ትልቁ ልጃቸው ነው። «አያ፣ እኔ አልባለሁ» አላቸው፤ እናቱን የሚጠራው እንዲህ ነው። «እሷ ትያዝ። እርስዎ አይዩ።»

ብዙ ካሰቡ በኋላ አንድ ነገር አስማሉኝ። ያልታጠነው ወተት የማን ነው ሲሉኝ የእሳቸውን ስም እንዳልጠራ። እነሆ አልጠራሁም።

በማግሥቱ ማለዳ በአሬሮ መንገድ ሄድን። የታጠኑ ጠርሙሶችንም አብሬ ወሰድኩ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ካላየኋቸው ጢሱ መሆኑን ማረጋገጥ አልችልም። የታጠኑትን እማማ ራሳቸው ያዙ። ያልታጠነውን እኔ ይዤ ስቆም ጀርባቸውን ሰጡን። ግመሏ ረገጥ ረገጥ እያለች ወተቷን እስክትለቅ ቆየች።

«አየሽ ቲቸር» አለ ልጃቸው፣ «እሷም አፈረች።»

እኔም አፍሬ ነበር። ሳይንስ ነው ብዬ ራሴን ባሳምንም፣ ያልታጠነ ዕቃ ይዤ ግመል ሥር መቆሜ አንድ ነውር የሆነ ነገር የምሠራ ያህል ተሰምቶኛል።

ላብራቶሪው ደርሼ ሁሉንም እንደገና ሠራሁ። በሚሞቀው ሳጥን ውስጥ ሳህኖቹን አስገብቼ የጠበቅኩበትን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። የማስታውሰው የምፈልገውን አለማወቄን ነው። የፈላውና ያልታጠነው ባዶ ከሆነ ሥራው የጢሱ አይደለምና ቦታው የእኔ ነው፤ ከሞላ እውነቱ ተገኘ። ስከፍተው ሞልቶ ነበር። ጥቅጥቅ ያለ፣ ሳህኑን የሸፈነ። የታጠነውና የፈላው ግን እንደ ወትሮው ሳሳ ያለ። ጢሱ ነበር።

ኢንዛይሙስ? ባልታጠነው ጥሬ ወተት ውስጥ ሥራውን ሠርቷል፤ ባክቴሪያውን ለጥቂት ሰዓት ገትቶታል። ከዚያ በቆላው ሙቀት አቅም አጣ፣ ባክቴሪያውም አሸነፈ። ያ ብቻ ነው።

ሳህኖቹንና ጠርሙሶቹን ለአማካሪዬ ወስጄ ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳሁ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ የታጠነውን ጠርሙስ ከፍተው አሸተቱ፤ ጠርሙስ ሲያሸቱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«መግለጫውን መልሼ እወስዳለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ቦታው ግን ይህን ወር አይቆይልሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ያገኘሽው ትንሽ ነው» አሉ፤ የሞላውን ሳህን ወደኔ ገፋ አድርገው። «ግን ይጸናል።»

ቦታው ለሌላ ተማሪ ተሰጠ። እኔ ትንሿን እውነት ጽፌ ተመረቅኩና ወደ ነገሌ ተመለስኩ። ለተማሪዎቼ ጥሬ ወተት ለሕፃን ከመሰጠቱ በፊት መፍላት እንዳለበት፣ ዕቃ መታጠኑም መፍላትን እንደማይተካ አስተማርኩ። ከጊዜ በኋላ ቡሌ ሆራ ከተማ ባለ ኮሌጅ ውስጥ ተመደብኩ። ትንሽ ላብራቶሪ አለችን፤ መብራት በሌለ ቁጥር ልቤ የሚቆምባት። ሦስተኛ ዲግሪዬንም ከሌላ ቦታ ዘግይቼ ጀምሬያለሁ፤ አሁንም ያው ኢንዛይም፣ ያው ተቅማጥ ነው ሥራዬ። ለወተት ሰጪዎቹ በሙሉ እንዳይታጠን እነግራለሁ፣ አስደግማለሁ፣ ደግሞም አላምንም።

ስለዚህ አንድ ደንብ አለኝ። ማንኛውም የወተት ጠርሙስ ሲደርስ ሳይሠራበት በፊት የሚያሸተው እኔ አይደለሁም። የላብራቶሪ ባለሙያችን ያደገው ወተት በማይታጠንበት ቤት ነው፤ አፍንጫውን አምነዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ጠርሙስ ከፍቼ ሰጠሁት።

«ምንም የለውም» አለኝ።

«ደግመህ አሽትት።»

«ወተት ነው ቲቸር።»

«እንዴት ያለ ወተት?»

አየኝ። ይህን ጥያቄ በየጊዜው እንደምጠይቀው ያውቃል፣ ለምን እንደሆነም ነግሬዋለሁ። «ዝም ያለ ወተት» አለ።

ጠርሙሱን ተቀብዬ እኔም አፍንጫዬ ሥር አደረግኩት። ምንም አልሸተተኝም። እኔ ወተት የምለው ሽታ አልነበረውም። ያኔ ትከሻዬ ትንሽ ረገብ አለ። ከዚያ ግማሹን ምድጃው ላይ ጥጄ፣ የፈላው እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ጀመርኩ።